ቀይ ስሩ በቀዝቃዛ ውሃም ቀለም ለቀቀ፣ ሽንኩርቱ ከጨው ወጥቶ አላገገመም፤ የሴል ሜምብሬን ሙከራ ላይ እርዳታ

መምህርት_ሂርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ9ኛ ክፍል የሴል ሜምብሬንን የማስተምረው ጅማ ገበያ ላይ በሚገኝ ነገር ነው፦ ቀይ ስር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የምግብ ጨው። ማይክሮስኮፕና ቴርሞሜትር አለን፤ ከለሪሜትር (የቀለም ድምቀት መለኪያ) የለንም። ሦስት ነገሮች ላይ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ቀይ ስሩ በአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ተቆርጦ በ20፣ በ40፣ በ60 እና በ80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። ሁሉም ውሃ ቀላ። የ20ው እና የ40ው አይለያዩም፤ የ80ው ደግሞ ከ60ው በላይ መቅላት ሲገባው ደብዝዞ ወደ ቡናማ ሄደ።

ሽንኩርቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠን ጨመርን። ሐምራዊው ቀለም ወዲያው መሃል ላይ ተሰበሰበ። በንጹሕ ውሃ ስንተካው ግን አብዛኞቹ ሴሎች አልተመለሱም፤ ጭራሽ ቀለማቸው የጠፋም አሉ።

ሦስተኛው የተማሪዎች ጥያቄ ነው፦ ሜምብሬኑ ቅባት ከሆነ ውሃ እንዴት ያልፈዋል? ውሃ ካለፈስ ጨው ለምን አያልፍም? «ትንሽ ያልፋል፣ ትልቅ አያልፍም» የሚለው መልስ በቂ አልመሰለኝም።

ባዮኬሚ_ኪቶ

መምህርት፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ የሁለቱ ሙከራዎች ምክንያትም እዚያው ውስጥ ነው ያለው። መልሱ በቂ አይደለም ማለትዎም ትክክል ነው። የሶዲየም አዮን (ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘው ሙል ያለው ቅንጣት) ከውሃ ሞለኪውል ያንሳል። ጉዳዩ በመጠን ቢሆን ኖሮ ሶዲየም ቀድሞ ባለፈ።

ሜምብሬኑ በዋናነት የተሠራው ከፎስፎሊፒድ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ፎስፌት ያለበት አንድ ራስና ሁለት ረጃጅም የፋቲ አሲድ ጭራዎች አሉት። ራሱ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ከውሃ ጋር ይስማማል። ጭራዎቹ ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ስለሆኑ ከውሃ ይሸሻሉ። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ በራሳቸው ጊዜ ሁለት ንጣፍ ይሠራሉ፤ ጭራዎቹ መሃል ላይ ይደበቃሉ፣ ራሶቹ በሁለቱም በኩል ውሃውን ይነካሉ። ጎርተርና ግሬንዴል እ.ኤ.አ. በ1925 ከቀይ የደም ሴሎች ያወጡትን ቅባት ውሃ ላይ በአንድ ንጣፍ ሲዘረጉት የሴሎቹን ገጽ ሁለት እጥፍ ሸፈነ፤ ንጣፉ ድርብ ነው ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ከነፕሮቲኖቹ ሲለካ ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ናኖ ሜትር ነው፤ ጭራዎቹ የያዙት ቅባታማው መሃል ደግሞ ወደ 3 ናኖ ሜትር ይሆናል። ማንኛውም ነገር ሴል ውስጥ ለመግባት ይህቺን 3 ናኖ ሜትር መሻገር አለበት።

ሶዲየም ውሃ ውስጥ ሲሆን ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ሙሉ የውሃ ሞለኪውሎችን ስቦ ዙሪያውን ያስከብበዋል። ወደ ቅባቱ ለመግባት እነዚህን ማራገፍ ይኖርበታል፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ እጅግ ብዙ ነው። የውሃ ሞለኪውል ግን ትንሽም ነው፣ የተጣራ ሙልም የለውም። ጭራዎቹ ሲወዛወዙ በሚፈጠሩት ክፍተቶች ሾልኮ ያልፋል። ምንም ፕሮቲን በሌለበት ንጹሕ የቅባት ንጣፍ ላይ ሲነጻጸር ውሃ ከሶዲየም ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጥ ያልፋል። ኦክሲጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃም ይብሳሉ፣ ቅባት ውስጥ መሟሟት ስለሚችሉ ምንም አይከለክላቸውም። ግሉኮስ ሙል ባይኖረውም ትልቅ ነው፣ ውሃ የሚወዱ ብዙ ጎኖችም አሉት፤ በቅባቱ በኩል ማለፉ ከቁጥር አይገባም።

ውሃ በብዛትና በፍጥነት ማለፍ በሚኖርበት ሴል ላይ ደግሞ አኳፖሪን የሚባል የፕሮቲን ቦይ አለ። ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። አንዱ ቦይ በሰከንድ ወደ 3 ቢሊዮን የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል፤ አዮን ግን አያስገባም። ስለዚህ ለተማሪዎቹ «ውሃ በሁለት መንገድ ያልፋል፣ በቅባቱ መሃል በዝግታ፣ በአኳፖሪን በፍጥነት» ቢሏቸው ሙሉ መልስ ነው።

ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ፎስፎሊፒዶቹን ደርድረን ፕሮቲኖቹን መሃል መሃል ስንተክል ተማሪው ሁሉም ነገር ባለበት የቆመ ይመስለዋል። ፍራይና ኤዲዲን እ.ኤ.አ. በ1970 የሰውና የአይጥ ሴል አዋህደው የሁለቱን ፕሮቲኖች በተለያየ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው፤ በ37 ዲግሪ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀለሞቹ በመላው ገጽ ተደባለቁ። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ያቀረቡት ፈሳሽ ሞዛይክ የሚባለው ሞዴል ይህን እንቅስቃሴ ይዟል። በአንጻሩ አንድ ፎስፎሊፒድ ከላይኛው ንጣፍ ወደ ታችኛው በራሱ የሚገለበጠው ከስንት አንዴ ነው፤ ራሱ ቅባቱን ማቋረጥ ስላለበት። ፕሮቲኑም ጥቂት አይደለም፣ በተለመደ የሴል ሜምብሬን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይይዛል። ኮሌስትሮልን ሲጠቅሱ ደግሞ የእንስሳት ሴል እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ሽንኩርትና ቀይ ስር በዋናነት የሚጠቀሙት ሌሎች የዕፅዋት ስቴሮሎችን ነው።

ቀይ ስሩ በሙቀት የሚለቀውም ለዚህ ነው። ቀለሙ የተቀመጠው ቫኩዮል በሚባለው የሴሉ የውስጥ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ለመውጣት የቫኩዮሉንም የሴሉንም ሜምብሬን ማለፍ አለበት። ትልቅና ሙል ያለው ሞለኪውል ስለሆነ ሜምብሬኑ ደህና እስካለ አይወጣም። ሙቀት ሲጨምር ጭራዎቹ ይበልጥ ይወዛወዛሉ፣ ከ50 ዲግሪ ወዲያ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ይለቃሉ፣ ከዚያ ሜምብሬኑ ያፈሳል። በ20 ዲግሪ ያዩት መቅላት ግን ከሜምብሬን ጋር አይገናኝም፤ አሠራሩን ቤተሙከራ የሚያውቁ ይንገሩዎት።

ቤተሙከራ_ጅማ

ባዮኬሚ ያለው ላይ አሠራሩን ልጨምር።

በ20 ዲግሪ የወጣው ቀለም ቢላዋው የቀደዳቸው ሴሎች ቀለም ነው። ሳይታጠብ ሙከራ ከተጀመረ የተቀደዱት ሴሎች የደህናዎቹን ውጤት ይሸፍኑታል፤ 20ው እና 40ው አንድ የመሰሉት ለዚህ ነው። ኩቡን ትተው በምላጭና በማስመሪያ 5 በ5 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ይቁረጡ፤ የአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ መሃሉ ሳይሞቅ ጊዜው ያልቃል። ሁሉንም ከአንድ ቀይ ስር ይቁረጡ፣ ልጣጩ ያለበትን አይጠቀሙ። ከዚያ ውሃውን እየቀያየሩ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪቀር። ትምህርቱ ጠዋት ከሆነ ማታ ቆርጦ በብዙ ውሃ ማሳደር የበለጠ ያስተማምናል። ከመጠቀምዎ በፊት በሶፍት ያድርቁ፤ አይጫኑት፣ ሲጨመቅ አዲስ ሴል ይቀደዳል።

ዋናው ስሕተት ማሞቂያውና ማስለቀቂያው አንድ ውሃ መሆኑ ነው። የቀይ ስር ቀለም ራሱ ሙቀት አይችልም፤ በ80 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይፈርሳል፣ ያዩት ቡናማነት ያ ነው። ዘንጉን በሚፈለገው ሙቀት አንድ ደቂቃ ብቻ ይንከሩት፤ ከዚያ አውጥተው በክፍሉ ሙቀት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ዘንጉን ያውጡ፣ ውሃውን ቀስ ብለው ይነቅንቁት፣ ከዚያ ቀለሙን ያነጻጽሩ። ሙቀቶቹን በ20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60 እና 70 ቢያደርጓቸው በ50 እና በ60 መካከል ያለው ዝላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሙቅ ውሃውን ሲያዘጋጁ ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ ያስቡ። 100 ብሎ ያሰላ ሰው ውሃው ሁልጊዜ ይቀዘቅዝበታል። ለ60 ዲግሪ ከፈላው ከግማሽ ትንሽ በለጥ አድርገው ከ20 ዲግሪው ጋር ይደባልቁ፣ ብርጭቆው ራሱ ሙቀት ስለሚወስድ በቴርሞሜትር እያዩ ያስተካክሉ።

ለከለሪሜትር ምትክ፦ አንድ ዘንግ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። በረዶው ሜምብሬኑን ስለሚቀዳድደው በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲቀልጥ ያለውን ቀለም በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ይለቃል። እሱን 100 በሉት። በሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ወስደው ከ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ሲቀላቅሉ 50 ይሆናል፣ ከዚያ 25፣ 12.5፣ 6.25። ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርገው እያንዳንዱን ናሙና ከዚህ ተርታ ጋር ያነጻጽሩ። ተማሪዎች ቁጥር ይዘው ግራፍ መሥራት ይችላሉ።

ሽንኩርቱ ላይ ብጥብጡ እጅግ በዝቷል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው 17 ግራም አካባቢ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 3 ሞላር (በሊትር 3 ሞል) ይጠጋል፣ ጨው ደግሞ ለሁለት አዮን ስለሚከፈል ውሃ የመሳብ አቅሙ እጥፍ ነው። 2.9 ግራም ጨው በውሃ አሟሙተው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ቢሞሉት 0.5 ሞላር ይሆናል፤ ለቀይ ሽንኩርት ይበቃል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። ስኳር ከጨው ይሻላል፣ ሶዲየም በብዛት ሲሆን ራሱ ሜምብሬኑን ይጎዳል። ለ1 ሞላር 34.2 ግራም ስኳር ያስፈልጋል፣ ግን 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አይጨምሩት። መጀመሪያ በ60 ሚሊ ሊትር ያሟሙና ከዚያ እስከ 100 ይሙሉ። 100 ላይ ከጨመሩት ስኳሩ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ጠቅላላው ወደ 121 ሚሊ ሊትር ይሆንና ብጥብጡ 0.8 ሞላር አካባቢ ይወርዳል።

ያልተመለሱት ሴሎች የሞቱት ሲመለሱ ነው። ሜምብሬን እንደ ፊኛ አይለጠጥም፤ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ በላይ ሲሳብ ይቀደዳል። ሴሉ ሲኮማተር ትርፍ የሆነውን ሜምብሬን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሲያብጥ መልሶ ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ከኃይለኛ ጨው በአንዴ ወደ ንጹሕ ውሃ ሲገባ ውሃው ከሜምብሬኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሴሉ ይፈነዳል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ በ0.5 ሞላር ከ5 ደቂቃ በላይ አያቆዩት፣ ሲመልሱ በ0.25 ሞላር ለ5 ደቂቃ አሳልፈው ነው ወደ ውሃ የሚወስዱት። ልጣጩን ከሐምራዊው የውጭ ገጽ በወረንጦ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጡ። ብጥብጡን በከቨር ስሊፑ አንድ ጎን ያንጠባጥቡ፣ በሌላው ጎን በሶፍት ጫፍ ይሳቡ፤ እንዲህ ሲሆን አንዱን ሴል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይን ላይ ይዞ መከታተል ይቻላል።

በፈተና ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበትን ደግሞ እዚያው ማይክሮስኮፑ ላይ ያስተካክሉ። በግድግዳውና በተሸበሸበው ሜምብሬን መካከል ያለው ክፍተት አየር ወይም ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ከውጭ የገባው የጨው ብጥብጥ ነው። የሴል ግድግዳ ጨውንም ስኳርንም ያሳልፋል፣ የሚመርጠው ሜምብሬኑ ነው።

መምህርት_ሂርማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ይዣለሁ። አንድ ልጨምር፦ ስለ አክቲቭ ትራንስፖርት (ሴሉ ጉልበት አውጥቶ ስለሚያሳልፈው ነገር) ስናነሣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን፣ ኦአርኤሱን፣ ምሳሌ ማድረግ አስቤያለሁ፤ ልጆቹ ከቤት ያውቁታል። ጨዉ ለምን ስኳር እንደሚያስፈልገው ግን በትክክል ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ፊዚዮሎጂ_አጋሮ

መምህርት፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

መነሻው ፓምፑ ነው። የእንስሳ ሴል ውስጥ ሶዲየም በሊትር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሞል ነው፣ ውጭ ግን 145 አካባቢ። ፖታሲየም ተቃራኒው፣ ውስጥ 140፣ ውጭ ከ4 እስከ 5። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ነው፤ አንድ ኤቲፒ (የሴሉ የጉልበት ሞለኪውል) ሲያወጣ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። የንስ ስኮ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለዚህ ኤንዛይም ያሳተሙት ሥራ ከ40 ዓመት በኋላ ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። ሴሉ ዕረፍት ላይ እያለ እንኳ ከሚያወጣው ጉልበት ሲሶው ያህል እዚህ ይሄዳል። ፓምፑ ከቆመ ሶዲየም ይከማቻል፣ ውሃ ይከተላል፣ ሴሉ ያብጣል። ግድግዳ የሌለው የእንስሳ ሴል ይህን አይቋቋምም።

አንጀት ውስጥ ይህ ልዩነት ሥራ ላይ ይውላል። በምግቡ በኩል ባለው ሜምብሬን ላይ 2 ሶዲየምና 1 ግሉኮስ አብሮ የሚያስገባ ተሸካሚ ፕሮቲን አለ። ሁለቱም ካልተሟሉ አይሠራም። ሶዲየም ወደሚያንስበት ወደ ውስጥ ሲወርድ ግሉኮሱን ይዞት ይገባል። ተሸካሚው ራሱ ኤቲፒ አያወጣም፤ ዋጋውን በሌላኛው በኩል ያለው ፓምፕ ከፍሎለታል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ደረጃ አክቲቭ ትራንስፖርት የሚባለው፤ «ኤቲፒ ስለማይጠቀም ፓሲቭ ነው» የሚል ተማሪ ካለ ስሕተቱ እዚህ ነው። ግሉኮሱ በፓምፑ በኩል ባለው ሜምብሬን በሌላ ተሸካሚ፣ ያለ ጉልበት፣ ወደ ደም ያልፋል። ሶዲየምና ግሉኮስ ሲገቡ ውሃው በኦስሞሲስ ይከተላል።

ኮሌራ ላይ የባክቴሪያው መርዝ የክሎራይድ ቦዮችን ከፍቶ ያስቀራል፣ ክሎራይድን ተከትሎ ሶዲየምና ውሃ ወደ አንጀት ይፈሳል። የሶዲየምና ግሉኮስ ተሸካሚውን ግን አይነካውም። ጨው ብቻውን ቢጠጣ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ግሉኮስ ሲታከልበት ያልተነካው በር ይሠራል።

አሁን የምንጠቀምበት ቀመር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚመክረው ነው። በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት። በሚሊ ሞል ግሉኮስ 75፣ ሶዲየም 75፤ ጠቅላላ ኦስሞላሪቲው (የሟሟው ቅንጣት ሁሉ ድምር) 245 ነው። የድሮው 311 ነበር። የደም 290 አካባቢ ስለሆነ አዲሱ ከደም ያነሰ ነው፣ ውሃ በቀላሉ ወደ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ለልጆቹ አጥብቀው የሚነግሯቸው አለ። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የሚበጠብጥ ሰው ይኖራል። ያኔ ኦስሞላሪቲው 490 ይሆናል፣ ሶዲየሙ 150። ሽንኩርቱ ላይ ያዩት ነገር ሕፃኑ አንጀት ውስጥ ይደገማል፤ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም አደገኛ በሆነ መጠን ሊጨምር ይችላል። «እንዲጣፍጥ» ተብሎ ስኳር ሲጨመርበትም እንዲሁ። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ብቻ ካለ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልቶ በአንድ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ ሙሉውን ፓኬት እዚያ መበጥበጥ ነው፤ ፓኬቱን በዓይን ለሁለት ማካፈል አይቻልም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ፓኬት እስኪገኝ ቤት ውስጥ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው አፉ ተደልድሎ። የቤት ስኳር መጀመሪያ አንጀት ላይ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ መከፈል አለበት፣ ፖታሲየምም የለውም፤ ስለዚህ የፓኬቱ ምትክ ተደርጎ አይወሰድ።

ቡና_ናሙና

መምህርት፣ ጅማ ላይ ሆነው ቀይ ስር ብቻ አይጠቀሙ፣ ቡናም አለ። የቡና ጥራት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያንኑ የሜምብሬን መፍሰስ የሚለኩት በኤሌክትሪክ ነው።

ጥሬ ቡና ሲደርቅ በዝግታ ከሆነ የፍሬው ሴሎች ሜምብሬናቸውን አጣጥፈው ይቆያሉ። የፍሬው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ በተለይ 60 ሲደርስ፣ ሜምብሬኑ ይጎዳል፤ በውስጡ ያሉት ቅባቶች ከሴሉ ወጥተው ከአየር ጋር ይገናኛሉ፣ ጣዕሙም ይወርዳል። እንዲህ ያለ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፖታሲየምና ሌሎች አዮኖችን ይለቃል፣ ውሃው ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 50 ፍሬ ይቁጠሩ፣ ይመዝኑ፣ በ75 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ በ25 ዲግሪ ለ5 ሰዓት ያቆዩና ውሃውን ይለኩ። ውጤቱን ለፍሬዎቹ ክብደት ያካፍሉት። የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ከሌለ ርካሹ የቲዲኤስ ብዕር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚገምት) ለማነጻጸር ይበቃል። በተለመደው የኤሌክትሪክ መልቲሜትር አይሞክሩት፤ ጫፎቹ ላይ አዮን ስለሚከማች ንባቡ አይረጋም። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፣ የራሱ አዮን የቡናውን ይውጠዋል። የተጣራ ውሃ የባትሪ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ፣ በእጅም አትንኩ።

ለክፍል አንድ ጥሩ ናሙና በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ፣ ሌላው ከዚያው ቡና ተወስዶ በ60 ዲግሪ የደረቀ ይሁን። የሁለቱ እርጥበት መቀራረብ አለበት፣ ከ11 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጣም የደረቀ ፍሬ ውሃ ሲገባበት በድንገት ስለሚያብጥ ጤነኛ ሆኖም ብዙ ይለቃል። የውጭ ገለባው መነሣት አለበት። የተሰበረ፣ የተፈለጠና ተባይ የበሳው ፍሬ አንድም እንዳይቀር ለቅመው ያውጡ፤ ካልሆነ መለኪያው የሚያሳያችሁ የመቀጥቀጫውንና የተባዩን ጉዳት ነው፣ የማድረቂያውን አይደለም። ቀይ ስሩን ከማጠብ ጋር አንድ ሥራ ነው።